ስንጥቁን ከመሸፈን ምክንያቱን ማስወገድ፤ ስለ ትንንሽ አይሮፕላኖች የመንኰራኵር ሽፋን ለነጋዴዎች የቀረበ አስተያየት

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አሳብ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ቅባት እህል ገበያ፣ ስለ ጉምሩክ ሥርዓትና ስለ ባንክ ብድር ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ፣ ይኸውም በትንንሽ አይሮፕላኖች ጎማ ላይ ስለሚደፋው ሽፋን ለመነጋገር አስበናል። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ ከነጋዴ ጉዳይ የራቀ ይመስላል። የቢቸና ባለሱቅ ወይም የሞጣ የእህል ነጋዴ «የአይሮፕላን ጎማ ልባስ ቢሰነጠቅ እኔን ምን አገባኝ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህን የተሰነጠቀ ሽፋን አንሥተን በዝርዝር ብንመረምረው፣ በውስጡ የውጭ ምንዛሪ፣ የዕቃ ጥራትና የሰው ሕይወት ተቆራኝተው እናገኛቸዋለን። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ አስመጪውንም፣ ላኪውንም፣ ባለሱቁንም የሚመለከቱ ናቸው።

አሳባችንን ከመነሻው ግልጽ ለማድረግ ያህል፣ የምንለው ይህ ነው። ያረጀ ዕቃ ሲሰበር ወዲያው አዲስ ማዘዝ የአገርን ገንዘብ ማባከን ነው። ሆኖም ስንጥቁን በስቱኮና በቀለም ሸፍኖ «ተጠግኗል» ማለት ከማባከንም የከፋ ነው። እውነተኛ ጥገና የሚባለው የተሰነጠቀበትን ምክንያት የሚያስወግድ፣ በተገቢው ዕቃ የሚሠራና በመዝገብ የሚሰፍር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ምንነት ጥቂት እንናገር። የአይሮፕላን የመንኰራኵር ሽፋን በመልኩ የመኪናን ፓራፋንጎ ይመስላል፤ ሥራው ግን የተለየ ነው። ፓራፋንጎ ጭቃ እንዳይረጭ ይከላከላል። የአይሮፕላኑ ሽፋን ግን የተሠራው ነፋሱ በጎማው፣ በፍሬኑና በብሎኖቹ ላይ እየተላተመ አይሮፕላኑን ወደ ኋላ እንዳይጎትተው፣ በእንባ ጠብታ አምሳል በተሞረደ ቅርጽ ላይ አልፎ እንዲሄድ ነው። ጎማቸው በሆዳቸው ውስጥ የማይታጠፍ ትንንሽ አይሮፕላኖች ሁሉ ይህን ልባስ ሊለብሱ ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል ከ1948 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ ዛሬ ከ44,000 በላይ ተሠርቶ በዓለም የተሰራጨውና በአገራችንም ለበረራ ትምህርት ያገለገለው ሴስና 172 ከነዚህ አንዱ ነው።

ሽፋኑ የሚሠራው ከሦስት ዐይነት ነገር ነው። በቀድሞዎቹ አይሮፕላኖች ላይ ከስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ተቀጥቅጦ ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ፋይበርግላስ፣ ማለት ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ በሬዚን ተነክሮ የሚደርቀው፣ በሰፊው ተተካ። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ፕላስቲክ በሙቀት ተቀርጾ ገባ። ይህን መለየት ለጠጋኙ ብቻ ሳይሆን ለሚያስመጣውም ነጋዴ አስፈላጊ ነው፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ይሆናልና።

አሁን ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንምጣ። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተቀመጡ፣ ከደጀን በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ የንግድ ከተሞች ናቸው። ሞጣ በዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ ኦ.ቲ.ኤ. በሚሉ ሦስት ፊደላት የተመዘገበ ስም አላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ዲ.ሲ. 3 የተባሉት አይሮፕላኖቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሣር ሜዳ ላይ እያረፉ ሰውና ዕቃ ያመላልሱ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። ሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ነገር ግን የምሥራቅ ጎጃም ምድር ለአይሮፕላን ጎማ ሁለት ፈተናዎች አሉት። አንደኛው ከፍታው ነው። በ2,500 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ ሞተሩም ክንፉም ኀይላቸው ይቀንሳል፤ አይሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ መሮጥ ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ዋጋ አለው። ሁለተኛው ፈተና አፈሩ ነው። በቢቸና ዙሪያ ጤፍ የሚዘራበት ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። አርሶ አደሩ በእግሩ ተሸክሞት የሚመለሰው ያ ጭቃ በአይሮፕላን ጎማና በሽፋኑ መካከል ባለው ጠባብ ክፍት ቦታ ውስጥ ሲጠቀጠቅ፣ መጀመሪያ ክብደት ይጨምራል፤ ከደረቀ በኋላም እንደ ጡብ ጠንክሮ ጎማውን ይዞ ያስቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው የሽፋኑ መሰንጠቅ ነው፤ ከዚያም የሚብሰው ጎማው ሳይዞር መሬት መንካቱ ነው።

እንግዲህ ነጋዴ እንደ መሆናችን መጠን ሒሳቡን እናስላ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከታተሙት የሴስና 172 የበረራ መጽሐፎች እንደምንረዳው፣ ሽፋኑ የአይሮፕላኑን ፍጥነት የሚጨምረው በሰዓት 2 ኖት ያህል ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሞጣ በአየር ቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰዓት 110 ኖት፣ ማለት 204 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር አይሮፕላን ይህን መንገድ በ74 ደቂቃ ገደማ ይፈጽመዋል። ሽፋኑ ተነሥቶለት በ108 ኖት ቢበር ደግሞ በ75 ደቂቃ ይደርሳል። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዓመት መቶ ጊዜ ደርሶ ቢመለስ፣ የሚተርፈው ጊዜ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አይሮፕላኑ በሰዓት 30 ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል ብንል፣ ትርፉ በዓመት 135 ሊትር ነው ማለት ነው።

ይህ ትርፍ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ በመረሬ ጭቃ ተይዞ የሚሰበር ሽፋን፣ የሚበላሽ ጎማና የሚቃጠል ፍሬን ከሚያስከትለው ወጪ ጋር ሲመዛዘን፣ የትርፉ ሚዛን በየወቅቱ የሚለዋወጥ መሆኑን መገንዘብ አያዳግትም። ስለዚህ አሳባችን፣ በክረምት ወራት በሣርና በጭቃ ሜዳ ላይ የሚያርፍ አይሮፕላን ሽፋኑን አውልቆ ቢበር፣ በበጋና በአስፋልት ማረፊያ ላይ ግን ለብሶ ቢበር ይሻላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ማውለቁም ቢሆን ደንብ አለው። ሽፋኑ በአይሮፕላኑ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ፣ ክብደቱም በሚዛን ሒሳብ ውስጥ የገባ ስለ ሆነ፣ ሲወልቅም ሲመለስም በባለሙያ እጅ ሒሳቡ ተስተካክሎ በመዝገብ መስፈር አለበት።

የወለቀው ሽፋን በመጋዘን ሲቀመጥ ነው እንግዲህ የጥገናው ነገር የሚመጣው። ለመሆኑ የሚሰነጠቀው በምን ምክንያት ነው? ድንጋይ ይመታዋል፤ አይሮፕላኑን የሚገፉ ሰዎች ይረግጡታል፤ የጎማው ነፋስ ሲጎድል ጎማው ተኰማትሮ ከውስጥ በኩል ይፈገፍገዋል፤ ብሎኑ ሲላላ በሞተሩ ንዝረት እየተንቀጠቀጠ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያም ከቀዳዳው አፍ ስንጥቅ ይጀምራል። በክሪክ ሲነሣ በተሳሳተ ቦታ ተደግፎ የሚሰበርም አለ። ከነዚህ ምክንያቶች አብዛኛዎቹ ከሽፋኑ ውጭ ያሉ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሽፋኑ ታማሚ ነው እንጂ በሽታው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጎማው ነፋስ እንደ ጎደለው፣ ብሎኑ እንደ ላላ ሆኖ ሽፋኑን ብቻ የሚጠግን ሰው በሚቀጥለው ወር እንደገና ለመጠገን የተቀጠረ ሰው ነው።

የጥገናውን አካሄድ በአጭሩ ብንገልጸው፣ አንባቢያን በምን ዕቃ ላይ ገንዘባቸውን እንደሚያወጡ ለመረዳት ይጠቅማቸዋል። በፋይበርግላስ የተሠራው ሲሆን፣ አስቀድሞ ሽፋኑ ታጥቦ ቅባቱና ጭቃው ይለቃል፤ በስንጥቁ ዙሪያ ያለው ቀለምም ይፋቃል። የስንጥቁ መጨረሻ በትክክል ከተገኘ በኋላ በዚያ ጫፍ ላይ በትራፓኖ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል። የተሰነጠቀ ቅል የምትሰፋ ሴት አስቀድማ እንደምትበሳ ሁሉ፣ ይህም ጠጋኝ አስቀድሞ ይበሳል። ስንጥቅ ጫፉ ስለታም እስከ ሆነ ድረስ ወደ ፊት መሄዱን አያቆምም፤ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ግን ጉልበቱ ይበተንበታል።

ቀጥሎ በውስጥ በኩል ያለው የስንጥቁ ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ተዳፋት እንዲሆን ተደርጎ ይሳላል። የመስታወት ክሩ ጨርቅ እንደ እራፊ እየተቆረጠ፣ አንዱ ከሌላው እየሰፋ፣ በሬዚን እየተነከረ በላይ በላዩ ይነባበራል። በመካከሉ የታሰረው አየር ሁሉ ተጨፍልቆ መውጣት አለበት። ከደረቀ በኋላ በውጭ በኩል በጥቂት መሙያ ይስተካከላል፤ ይፈገፈጋል፤ ቀለም ይቀባል። በመጨረሻም ሽፋኑ ወደ ቦታው ሲመለስ በጎማውና በሽፋኑ፣ እንዲሁም በጎማውና በጭቃ መፋቂያው ላሜራ መካከል ያለው ርቀት አምራቹ በመጽሐፉ ባዘዘው ልክ መሆኑ ይለካል። ጠጋኙ ብርታት ይጨምራል ብሎ እራፊውን ያለ ልክ ቢያበዛው፣ ሽፋኑ ከብዶ በተለይ በአፍንጫው ጎማ ላይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። በጥገና ብዙ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም።

ከአሉሚኒየም የተሠራው ሲሆን፣ ስንጥቁ እንዲሁ በጫፉ ከተበሳ በኋላ ተመሳሳይ ዐይነትና ውፍረት ያለው ላሜራ ከውስጥ ተለጥፎ በሪቬት ይያዛል። እዚህ ላይ ተራ የብረት ብሎን ወይም ሪቬት ከአሉሚኒየሙ ጋር ሲገናኝ፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር አሉሚኒየሙን እየበላ ዱቄት እንደሚያደርገው መዘንጋት አይገባም። ኤ.ቢ.ኤስ. የሆነው ደግሞ ሬዚን አጥብቆ አይዘውም፤ እርሱ የሚጣበቀው ራሱን ፕላስቲኩን በሚያሟሟ ፈሳሽ ነው። ይህን ሳይለይ ሁሉን በአንድ ሬዚን የሚለጥፍ ጠጋኝ ቢኖር፣ ሥራው ላይ ሲታይ ያማረ፣ በንዝረት ጊዜ ግን እንደ ቅርፊት የሚነሣ ይሆናል። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር 43.13-1ቢ በሚል ቁጥር ያወጣው የጥገና መምሪያ ስለነዚህ ሥራዎች በሰፊው ያስረዳል። የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ግን ከሁሉ ይቀድማል።

ስለ ምክንያትና ስለ ስንጥቅ የተናገርነውን ለሞጣ ነጋዴ ማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። ምክንያቱም በከተማው አቅራቢያ በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። ይህ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ፣ ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኘው የገበያ መንገድ ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ ኖሯል። ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የተሰበረው ክፍል በብረት ተቀጥሎ ተጠገነ፤ ሕዝቡም ተደሰተ። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓባይ ሙላት መጥቶ ቅጥያውን ወሰደው። ከዚያ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከውሃው ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል የገመድ ድልድይ ተሠራ። በመጀመሪያው ጊዜ የተሞላው የተሰበረው ክፍተት ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን የታሰበው ስለ ጎርፉ ነው። የድልድዩ ጎርፍ ለአይሮፕላኑ ሽፋን ንዝረቱ፣ ጭቃውና የላላው ብሎን ነው።

አሁን «አዲስ ይሻላል ወይስ ጥገና?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። አዲስ ሽፋን ከውጭ ማዘዝ ይሻላል የሚሉ ወገኖች አሉ። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። አዲሱ ከነምስክር ወረቀቱ ይመጣል፤ ጥርጥር የለበትም፤ ባለሙያውንም ጊዜ አይወስድም ይላሉ። እውነት ነው። ሽፋኑ ከግማሽ በላይ ከተሰባበረ፣ ወይም ብሎኖቹ የሚገቡበት ቦታ ሁሉ ከተበላ፣ አዲስ ማዘዙ ከመጠገኑ ይሻላል። ነገር ግን የአንድ ጣት ርዝመት ላለው ስንጥቅ ሁሉ አዲስ ማዘዝ የሚያስከትለውን ወጪ እናስብ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከ57 ብር በጥቂት ይበልጥ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን አስመጪዎች ሁሉ ያውቁታል። በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ዋጋው በዚያን ጊዜ በእጥፍ ገደማ ከፍ አለ ማለት ነው። ሽፋኑ በጣም ቀላል ነገር ግን ሰፊ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ስለ ሆነም፣ የአየር ጭነቱ የሚታሰበው በክብደቱ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው። ነጋዴው ለነፋስ ኪራይ ይከፍላል እንደ ማለት ነው። በአንጻሩ አንድ ጥቅል የመስታወት ክር ጨርቅና ጥቂት ሬዚን ብዙ ሽፋኖችን ይጠግናሉ። የቀረው ዋጋ የባለሙያ ድካም ነው፤ እርሱም በብር የሚከፈልና በአገር የሚቀር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «ይህ ጌጥ ነው፤ ከሕይወት ጋር አይገናኝም፤ ማንም ባትላሜራ ቢለጥፈው ይበቃል» የሚሉ አሉ። እነዚህ ከፊተኞቹ ይልቅ የተሳሳቱ ናቸው። ሽፋኑ ራሱ ቢወድቅ አይሮፕላኑ አይወድቅ ይሆናል። ነገር ግን የተለጠፈው ቁራጭ ተገንጥሎ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ቢገባ፣ በከፍታ ላይ በሳሳ አየር በፍጥነት የሚያርፍ አይሮፕላን በአንድ በኩል ተይዞ ከሜዳው ሊወጣ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህን የሚከላከለው ትንሽ ጥንቃቄ ነው።

ትንሽ ዕቃ ትልቅ ጥፋት እንደሚያስከትል ለማስረዳት ከዓለም ታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ጳጉሜን 3 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989፣ ፓርትኔር የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ አይሮፕላን በዴንማርክ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ 55 ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎች ካገኟቸው ነገሮች ዋነኛው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የጅራቱን ክንፍ ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖችና ቀለበቶች ከታዘዘው ጥንካሬ በታች የሆኑ፣ ትክክለኛ ያልሆኑ ዕቃዎች መሆናቸው ነው። እነዚህን ብሎኖች የሆነ ሰው ሠርቷቸዋል፤ የሆነ ሰው ሸጧቸዋል፤ የሆነ ሰውም «ያው ነው» ብሎ ገዝቷቸዋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነጋዴ አለበት። የጎማ ሽፋን ብሎን የጅራት ብሎን አይደለም፤ ሆኖም «ያው ነው» የሚለው ቃል በሁለቱም ላይ የሚነገረው በአንድ አንደበት ነው።

ከዚህ በላይ የተናገርነውን በተግባር ለመተርጐም ለእያንዳንዱ ወገን የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

ለአስመጪዎች። ያለቀለትን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የጥገናውንም ዕቃ ማስመጣት ልመዱ። የመስታወት ክር ጨርቅ፣ ፖሊስተርና ኤፖክሲ ሬዚን፣ የማይዝግ ብሎንና ትክክለኛ ሪቬት ገበያ አላቸው። የሚፈልጋቸውም አይሮፕላን ብቻ አይደለም፤ የውሃ ታንከር ሠሪው፣ ጀልባ ሠሪውና የመኪና አካል ጠጋኙ ሁሉ ይፈልጋቸዋል። ነገር ግን ስታዝዙ አራት ነገሮችን አስቡ። አንደኛ፣ ፖሊስተር ሬዚን ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ በጂቡቲ ሙቀት በኮንቴይነር ውስጥ ሲቆይም ይህ ዕድሜ ያጥራል። ስለዚህ የተሠራበት ቀን ሳይታይ አይገዛ። ሁለተኛ፣ ሬዚኑ ተቀጣጣይ፣ ማጠንከሪያውም ኦርጋኒክ ፐሮክሳይድ የሆነው በአደገኛ ዕቃ ደንብ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ በተራ ቀለም ስም ማስገባት በመጋዘንም በመርከብም እሳት መጋበዝ ነው። ሦስተኛ፣ ኤፖክሲ በአሮጌ ሥራ ላይ አጥብቆ ሲይዝ ፖሊስተር ግን በኤፖክሲ ላይ በደንብ ስለማይይዝ፣ ደንበኛው የትኛውን እንደሚፈልግ ጠይቁ። አራተኛ፣ ለአይሮፕላን የሚሆን መለዋወጫ ከሆነ፣ 8130-3 የሚባለው የአሜሪካ ቅጽ ወይም የአውሮፓ ቅጽ 1 ከዕቃው ጋር ይምጣ። ወረቀቱ የጠፋ ዕቃ ለአይሮፕላን ዕቃ አይደለም።

ለባለሱቆች። በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ወይም በአዲስ አበባ መርካቶ፣ አንድ ሰው መጥቶ «ለአይሮፕላን የሚሆን ብሎን አለህ?» ቢላችሁ፣ ምንጩን የማታውቁትን ዕቃ «ያው ነው» ብላችሁ አትሽጡለት። «የለኝም» ማለት ለአንድ ቀን ሽያጭ ያስቀራል፤ ለዘለዓለም ግን ስም ያተርፋል። ሬዚን የምትሸጡም ብትኖሩ፣ የማጠንከሪያው መጠን በአምራቹ እንደ ተጻፈው እንዲሆን ለገዢው ንገሩት። በምሥራቅ ጎጃም ብርድ ማለዳ ሬዚን የሚደርቀው በዝግታ ነው። ቸኩሎ ማጠንከሪያ የሚያበዛ ጠጋኝ በፍጥነት የሚደርቅ ነገር ግን የሚሰባበር ሥራ ያገኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የመስታወት ክሩ አቧራ ሳንባ የሚጎዳ ስለ ሆነም፣ ከጨርቁ ጋር የአፍንጫ መሸፈኛ አብሮ መሸጥ ትርፍም ጽድቅም ነው።

ለባለ አይሮፕላኖችና ለኩባንያዎች። ጥገናውን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስጡ፤ ባለሙያውም የሠራውን ሥራ፣ የተጠቀመበትን ዕቃና ቀኑን በአይሮፕላኑ መዝገብ ይጻፍ። ኢትዮጵያ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመውን የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። በአየር ላይ ለሚደረግ ጉዞ መዝገብ የግዴታ ነገር መሆኑን የተቀበልነው ትናንት አይደለም። ለገዢም ቢሆን ጥገናው በግልጽ የተጻፈበት አሮጌ አይሮፕላን፣ ምንም ያልተጻፈበትና አዲስ ቀለም ከተቀባው አይሮፕላን ይበልጥ ዋጋ ሊያወጣ ይገባል። ነጋዴ ከደብተር የሌለው ሱቅ ምን ዐይነት ሱቅ እንደ ሆነ ያውቃል።

ለንግድ ምክር ቤቶች። በየከተማው ያሉ የፋይበርግላስ ሠራተኞች፣ ባትላሜራዎችና ጎሚስታዎች ለብቻ ለብቻ ከሚሠሩ፣ ዕቃውን በጋራ የሚያዝዙበትና አሠራሩን የሚማሩበት መንገድ ቢፈለግ መልካም ነው። በአይሮፕላን ላይ ሊሠራ የሚችለው ፈቃድ ያለው ብቻ ቢሆንም፣ ዛሬ የባጃጅ ፓራፋንጎ በጥንቃቄና በልኩ የሚለጥፍ ወጣት ነገ ተምሮ ፈቃድ የማያገኝበት ምክንያት የለም።

«ይህ ለአገራችን ከባድ ነው» የሚል ድምፅ ቢነሣ መልሱ ታሪካችን ነው። የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1928 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አይሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ አገር ተሠርታ በረረች። በወረራው ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በቤተ መዘክር ከቆየች በኋላ፣ ታድሳ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። በተመለሰችበት ጊዜ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሆናት አይሮፕላን ዛሬ ለዐይን የበቃችው፣ አርጅታለች ብሎ የሚጥላት ሳይሆን የሚጠግናት ሰው በመገኘቱ ነው። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ «እሸት» የተባለችውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አይሮፕላን በአዲስ አበባ ገጣጥሞ አውጥቷል። አይሮፕላን የገጣጠመ እጅ የጎማ ሽፋን መለጠፍ አያቅተውም። የሚጎድለው ዕቃው በጊዜው፣ በትክክለኛው ዐይነትና ከነወረቀቱ መገኘቱ ነው፤ ይህ ደግሞ የጠጋኙ ሳይሆን የነጋዴው ድርሻ ነው።

በመጨረሻም ለውድ አንባቢያን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። አንድ ደንበኛ የተሰነጠቀ ዕቃ ይዞ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ አዲስ ከመሸጣችሁ በፊት በምን ምክንያት እንደ ተሰነጠቀ ጠይቁት። ምክንያቱ ከታወቀና መጠገን የሚቻል ከሆነ፣ የሚጠገንበትን ትክክለኛ ዕቃ ሽጡለት፤ መጠገን የማይቻል ከሆነም ያንኑ በቅንነት ንገሩት። ያ ደንበኛ ለሚቀጥለው ዕቃው ተመልሶ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።